አዲስ ካሜራ አዲስ ዓይን አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ700 12.1 ሚሊዮን፣ በ2017 የወጣው ዲ850 ደግሞ 45.7 ሚሊዮን ፒክስል ይመዘግባሉ። ቁጥሩ አራት እጥፍ ስለተጠጋ «አሮጌው ይጣል!» የሚሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አሉ። ይህ ጩኸት ግን ስሌት ፊት አይቆምም። ፒክስል የሚቆጠረው በስፋት ነውና የምስሉ ወርድና ቁመት እጥፍ እንኳ አልሞላም። አሮጌውም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 36 በ24 ሴንቲ ሜትር ምስል ይሰጣል፤ ከኤ4 ገጽ ይበልጣል ማለት ነው።

በእርግጥ በጨለማ መድረክ ለሚያነሣ፣ ግድግዳ የሚያህል ምስል ለሚያሳትም የአዲሱ ጥቅም አይካድም። የብርሃንን ጠባይ ያላጠና፣ የሰውን ፊት በትዕግሥት ያልመረመረ ዓይን ግን ድህነቱን በ45 ሚሊዮን ፒክስል ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም። ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ ለሁለቱም ካሜራዎች ለሚገጥም ጥሩ ሌንስ፣ ለጉዞና ለኅትመት ይዋል!