ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ማን ይመጣል?

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሠልጣኝ ሁለት ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። ስለ ሒሳብ አያያዝ፣ ስለ ደንበኛ አቀባበል፣ ስለ ሥራ ተነሳሽነት ይነገረዋል። የውሎ አበሉንና የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ያንኑ መንገድ ይወርዳል፤ ወደ ሱቁ ወይም ወደ ብየዳ ቤቱ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ግን መዝገቡ እንደ ወትሮው ባዶ ነው፤ ዱቤውም በቃል ይያዛል። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ ሥልጠናው ደካማ ስለሆነ አይደለም። የተማረውን ከራሱ ሥራ ጋር አገናኝቶ "እስኪ የትናንቱን ሽያጭ አሳየኝ" የሚለው ሰው ተከትሎት ስላልመጣ ነው።

ይህን ተከትሎ የሚመጣ ሰው የሥራ አመራር ትምህርት በሁለት ስሞች ይጠራዋል። ኮች የሚባለው ሠራተኛው ለገጠመው ችግር መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ በጥያቄ የሚረዳው ነው። ሜንተር የሚባለው ደግሞ በዚያው ሙያ ቀድሞ ያለፈ፣ የከሰረበትንም ያተረፈበትንም ለጀማሪው የሚያካፍል ነው። ስሞቹ እንግዳ ቢሆኑም ነገሩ ለስሜን ሰው አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ጀማሪው ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚማረው በቀጥታ ከየኔታ ሳይሆን ከእርሱ ቀደም ካለው ደቀ መዝሙር ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት ከደባርቅ የሚነሣ ቡድንም አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ ይዞ ይወጣል። ወጣቱ በቅሎ ነጂ ጭነቱ በገደል አፋፍ እንዳይንሸራተት እንዴት እንደሚታሰር የሚማረው ከፊቱ ከሚሄደው አንጋፋ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ወረርሽኙና ጦርነቱ የጎብኚውን ቁጥር አመናምነውታል። እንጀራ ፍለጋ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ አንጋፋ አብሳይ ወይም አስጎብኚ ዕውቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጎብኚው ሲመለስ ደግሞ የሚያስተምር ሰው ላይገኝ ይችላል።

የዚህን ዓይነቱን ድጋፍ ጥቅም የለኩ ጥናቶች አሉ። በናይሮቢ ዳንዶራ በተባለ የድሆች ሰፈር ጥቃቅን ንግድ የጀመሩ ሴቶች በሦስት ቡድን ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን በክፍል ውስጥ የንግድ ትምህርት ተሰጠው፤ ሌላው በዚያው ሰፈር ከሚሠሩ ልምድ ካላቸው ነጋዴ ሴቶች ጋር ተጣመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ልምድ ካላት ነጋዴ ጋር የተጣመሩት ትርፋቸው ምንም ድጋፍ ካላገኙት በ20 በመቶ ገደማ በልጧል፤ የክፍሉ ትምህርት ግን ትርፍ አላስጨመረም። አንጋፋዎቹ የሰጡት ምክር ረቂቅ አልነበረም፤ ዕቃ በርካሽ የሚገኘው ከማን እንደሆነ ጭምር የሚናገር የሰፈር ዕውቀት ነበር። የአዲ አርቃይ ባለሱቅም ከጎንደር ጅምላ ሻጮች የትኛው በዋጋ እንደሚሻል የሚነግረው ሰው ቢያገኝ፣ ከአንድ ሳምንት ንድፈ ሐሳብ የበለጠ ሊጠቅመው እንደሚችል መገመት አይከብድም። የዳንዶራው ጥናት ሌላም ነገር ያሳያል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ጥቅሙም አብሮ ደብዝዟል።

በህንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተደረገው ጥናት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ለአንዳንዶቹ ፋብሪካዎች አማካሪዎች ችግራቸውን አጥንተው ብቻ ነገሯቸው፤ ለሌሎቹ ግን ከጥናቱ በኋላ ለወራት አብረው ቆይተው ለውጡን በተግባር አገዟቸው። አብረው የቆዩባቸው ፋብሪካዎች ምርታማነት በመጀመሪያው ዓመት 17 በመቶ ጨምሯል። ችግርን ለባለቤቱ መንገርና ባለቤቱ ችግሩን እስኪፈታ አብሮ መቆየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኢትዮጵያም ይህን መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን ድጋፍ 30 ድርጅቶች ውስጥ የተሞከረው ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት በመላ አገሪቱ እንዲስፋፋ ተደርጓል። የካይዘን መነሻ የሆኑት አምስቱ ማዎች ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። መሣሪያውን በየቦታው የሰቀለ፣ መሬቱን የጠረገ የእንጨት ሥራ ማኅበር ማግኘት አያስቸግርም። ከስድስት ወር በኋላም ያንኑ ሥርዓት ይዞ የሚገኘው ግን ስንቱ ነው? አምስተኛዋ ማ ያለ ጎብኚ አትቆምም። የመንግሥት ሠራተኛውም ከመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ጀምሮ በውጤት ተኮር ሥርዓት፣ በ1 ለ 5ና በለውጥ ሠራዊት በኩል አልፎ እዚህ ደርሷል። አዲስ የአሠራር ስም በሰማ ቁጥር ልቡ ቢቀዘቅዝ አይፈረድበትም።

የመዋቅሩ ጉድለት ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት መምህራን በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ወደ ኢንተርፕራይዞች ወርደው በቴክኒክ ክህሎት፣ በኢንተርፕረነርሽፕ፣ በቴክኖሎጂና በካይዘን እንዲደግፉ ተደንግጓል። አርሶ አደሩም በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ እንዲኖረው ታስቧል። የጎደለው በአብዛኛው የጉብኝቱ ዓይነት ነው። በቢሮ ቋንቋ "ድጋፍና ክትትል" ምንጊዜም አብረው ይጠራሉ፤ በሩን አንኳኩቶ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ክትትሉ ብቻ ነው። የመጣው ባለሙያ ቅጽ ይሞላል፣ ቁጥር ይጠይቃል፣ ይሄዳል።

ጉዳዩ በእርሻ ላይ ይበልጥ ይጎላል። የግብርና ባለሙያው ማዳበሪያ ያሰራጫል፣ ብድር ያስመልሳል፣ ስብሰባ ይጠራል። ዕዳ ሊያስከፍል የመጣን ሰው "ዘንድሮ ዘሩን አሳስቼ ስለዘራሁ ማሳው ከሸፈብኝ" ብሎ ማማከር ለአርሶ አደሩ ይከብዳል። ጥፋቱን በነጻነት ሊናገርለት የማይችለው ሰው ደግሞ መካሪው ሊሆን አይችልም። በሞዴል አርሶ አደር ማስተማርም ቢሆን አንድ ችግር አለበት። ሞዴሉ ሁለት ጥማድ በሬ፣ ሰፊ ማሳና በቂ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ጎረቤቱ "እርሱማ አለው" ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንድ እርምጃ የቀደመ መካሪ አሥር እርምጃ ከቀደመው ይሻላል።

ለከተማው ወጣት የጉዳዩ ክብደት በብድር ይለካል። የፌዴራል መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መድቦ ነበር። አምስት ወጣቶች ተደራጅተው ብድር ወስደው ሥራው ሲከሽፍ፣ አንዱ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ለቀን ሥራ ይሄዳል። የቀሩት የቡድኑን ዕዳ ይሸከማሉ፤ ጓደኝነቱም ይበላሻል። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ የመጣውን ችግር ማን አይቶት ነበር? ዋጋ ሲተምኑ የመብራቱንና የራሳቸውን ጉልበት ሳያስቡ የቀሩትን ልጆች በሦስተኛው ወር የጎበኘ አንድ ልምድ ያለው ብረት ሠሪ ነገሩን በግማሽ ቀን ሊያያቸው ይችል ነበር። የወጣቱ ስንፍና ነው የሚለው ፍርድ ከዚህ ጉብኝት በፊት መምጣት የለበትም።

አንጋፋ ነጋዴን ለተፎካካሪው ሚስጥሩን እንዲያወጣ መጠየቅ ግን የዋህነት ነው። በአንድ ገበያ የሚሸጡ ሁለት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ሌላውን አያስተምርም። እዚህ ላይ የአካባቢው አቀማመጥ ይጠቅማል። ዳባት፣ ደባርቅና አዲ አርቃይ በአንድ ዋና መንገድ ላይ ያሉ፣ ግን በየራሳቸው ገበያ የሚኖሩ ከተሞች ናቸው። የዳባቱ ልብስ ሰፊ የአዲ አርቃዩን ጀማሪ ቢያማክር የሚያጣው ደንበኛ የለም። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሠራተኞችና የቴክኒክ አሠልጣኞች ማጣመሩን ቢያደራጁ፣ ባለሙያዎቹ ብድር ከማስመለስ ሥራ ቢለዩ፣ ድካሙ ጥቂት ነው። የጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ በአካል የሚደረገው ጉብኝት በስልክ ይተካል፤ ስልኩም ሲቋረጥ ግንኙነቱ መቆሙ አይቀርም። ይህ የማይሸሸግ ችግር ነው።

ወጪውም ከሚፈራው ያነሰ ነው። ለአንድ ቀን አዳራሽ የሚወጣው የውሎ አበል፣ የሻይና የመስተንግዶ ገንዘብ ለበርካታ ጉብኝቶች ትራንስፖርት ይበቃል። ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት የየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ሲዘጋጅ ግን የሪፖርቱ ዓምድ አሁንም "የሠለጠኑ ሰዎች ብዛት" ነው የሚለው። ከሥልጠናው በኋላ ስንቱ ሰው በሥራ ቦታው ስንት ጊዜ እንደተጎበኘ የሚሞላበት ዓምድ ከጎኑ መጨመር ለዕቅድ ክፍሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።