የሀርላ ግኝት ለባለቤቱ ይነገር

ረመዳን በገባ ቁጥር ስለ እስልምና ታሪክ በአገራችን እናወራለን። ንጉሥ ነጃሺን እናነሳለን፣ ቢላልን እናወድሳለን፤ ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ዘለን ኢማም አሕመድ ዘንድ እንደርሳለን። መካከሉ ባዶ ይመስለናል። ባዶ ግን አይደለም። ከፊሉ ድሬዳዋ አጠገብ፣ ሀርላ በምትባል የገበሬ መንደር አፈር ሥር ነው ያለው።

የሀርላ ገበሬዎች ሲያርሱ የቻይና ሳንቲም ሳይቀር ያገኙ ነበር። የፍርስራሹ ድንጋይ ከመግዘፉ የተነሳም ከተማዋን የሠሯት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። በእንግሊዙ ኤክሴተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራው ቡድን ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ያገኘውን ይፋ ያደረገው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም ወሩ ረመዳን ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የሙስሊሞች መቃብር፣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። አጽሞቹ ግን የግዙፋን አልነበሩም፤ ቁመታቸው እንደ እኛው ነው። ፕሮፌሰሩ ያኔ ነዋሪዎቹ ገና ሙሉ በሙሉ እንዳላመኗቸው ተናግረው ነበር።

እኛ በነዋሪዎቹ አንፈርድም። ዝርዝሩ የወጣው በእንግሊዝኛ፣ የሙያው ሰዎች በሚያነቧቸው መጽሔቶች ላይ ነው። በመንደሩ የኅብረተሰቡ የቅርስ ማዕከል መከፈቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ማዕከል ገብቶ ማየት አንድ ነገር ነው፣ ቤት ወስደው ለልጅ የሚያነቡት ጽሑፍ ሌላ።

ጉዳዩ የማወቅ ጉጉት ብቻ ቢሆን ባልጻፍንበት ነበር። አንዴ የተቆፈረ አፈር ተመልሶ እንደነበረ አይሆንም። አንዲት ሳንቲም ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ በምን ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደተገኘች በዕለቱ ካልተጻፈ፣ ፎቶም ካልተነሳ፣ የግብፅ መሆኗ ብቻ ይቀራል። መቼና እንዴት ሀርላ እንደደረሰች ማንም ሊነግረን አይችልም። ባለሙያ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እዚያ አይኖርም፤ ማሳው ላይ ያለው ገበሬው ነው። ማረሻው ያወጣትን ሳንቲም ለነጋዴ ይሽጣት ወይስ ቦታውን ምልክት አድርጎ ባለሙያ ይጥራ? ይህን የሚወስነው እሱ ነው። የቀደመው ግኝት ምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ቢሸጣት ምን ይደንቃል?

ስለዚህ የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ግዴታ ይጨምር እንላለን፦ ማንኛውም ቡድን ከሳይንሳዊ ሪፖርቱ ጋር በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለው አጭር ዘገባ ያስረክብ። ለሀርላ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ቢዘጋጅ ሥራው የወራት እንጂ የዓመታት አይደለም። ለዘንድሮው ረመዳን ባይደርስ ለከርሞው ይድረስ።