ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

ልጃችሁ ከቲኮን ተመልሳ «የኬንያ ተወካይ ሆኛለሁ» ብትላችሁ አትደንግጡ። ነገሩ «ሞዴል ዩኤን» የሚባለው፣ ተማሪዎች የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ አስመስለው የሚያካሂዱት ክርክር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አገር ይደርሰውና የዚያን አገር አቋም ይዞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ይከራከራል። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲያልቅ ሰብሳቢው ያስቆመዋል።

ብዙ ወላጅ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ ምን ልረዳት?» ይላል። ብዙ ትረዷታላችሁ።

መጀመሪያ የቤታችንን ሥርዓት እናስብ። ልጆቻችንን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ በትልቅ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲናገሩ አሳድገናል። መልካም ነው፤ ይህን አናፍርስ። ጉባኤ ላይ ግን አንገቷን የደፋች ልጅ ጨዋ ሳይሆን ያልተዘጋጀች ትመስላለች። ስለዚህ በግልጽ ንገሯት፦ «እዚያ ቀና ብለሽ፣ የሰው ዓይን እያየሽ ብትናገሪ አላከበርሽም አንልሽም።» ይህን ፈቃድ ከአባትና ከእናቷ አፍ መስማት አለባት። አባቶቻችንስ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለ?

ደግሞ ሙግት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን ባላጋራዎች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት ቆመው ይሟገቱ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ሰው ሲያስታርቁ አስቀድመው የሁለቱንም ወገን ቃል መልሰው ይናገሩ ነበር። ልጃችሁም እንዲሁ ታድርግ፦ ተቃዋሚዋ ያለውን በቅንነት ትድገመው፣ ከዚያ መልሷን ትስጥ። እንዲህ ያለችውን ሰው ያደምጣታል።

ቢያቋርጧትስ? በጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው። ንጉሡ ከእነሱ ጋር አልተመላለሱም። ረባሾቹ እስኪወጡ ታግሠው ጠበቁ፤ ከዚያም ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ቃል ሲጠፋ ወይም ሳቅ ሲሰማ ቆም ብሎ መተንፈስ ሽንፈት አይደለም።

እንግዲህ በቤት እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፣ ንግግሯን በአማርኛ ትንገራችሁ። ለአያቷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልቻለች ነገሩ ገና አልገባትም ማለት ነው። አማርኛዋ ቢሰባበር አትሳቁባት። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛ ቆማ ትበለው፤ እናንተ በስልካችሁ ሰዓት ያዙላት። ቋንቋውን ባታውቁም ድምፅዋ የት ላይ እንደወደቀ፣ የት እንደቸኮለች፣ ዓይኗ ከወረቀቱ ተነሥቶ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሦስተኛ፣ ወደ ባሕሩ ውሰዷት። የግሪኩ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ በባሕር ዳር ከማዕበል ድምፅ ጋር እየታገለ ይለማመድ ነበር ይባላል። ለአሽቀሎን ሰው ደግሞ ማዕበል በነፃ ነው። እዚያ መጮህን ሳይሆን ቃሏን ጥርት አድርጋ ማውጣትን ትለማመድ።

«ይህ ለእኛ ልጆች አይደለም» የሚል ካለ በላይነሽ ዘቫድያን ያስታውስ። ኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በ2012 በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር ሆና ተሹማለች።

ዛሬ ማታ ከራት በኋላ «እስቲ ተነሥተሽ ንገሪን» በሏት። ስትጨርስ ማጨብጨብ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ከባድ ጥያቄ ጠይቋት። ጉባኤው ላይ የሚጠብቃት እሱ ነውና።