አውሮፕላን እየነደደ ሻንጣ ለምን ይወርዳል?

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላን በማረፍ ላይ እያለ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን በሙሉ በሕይወት ወጡ። ያውም የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ፣ ከ8ቱ በሮች ያገለገሉት 3 ብቻ ሆነው ነው። አስተናጋጆቹ በጩኸት መሯቸው፣ መንገደኞቹም የእጅ ሻንጣቸውን ትተው ተከተሉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሞስኮ ሸረሜትየቮ ላይ የታየው ሌላ ነበር። በእሳት ከተያያዘው የኤሮፍሎት አውሮፕላን ሻንጣ አንጠልጥለው የሚወጡ ሰዎች በቪዲዮ ታይተዋል። በውስጡ ከነበሩት 78 ሰዎች 41ዱ አልቀዋል። እሳቱ የኋላውን ክፍል በፍጥነት ስለበላው ሞቱን ሁሉ በሻንጣ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቢሆንም በዚያች ጠባብ መተላለፊያ አንድ ሰው ሻንጣ ለማውረድ ሲቆም ከኋላው ያለው ሰልፍ በሙሉ እንደሚቆም ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

እኛም በዚህ ጉዳይ የራሳችን መራር ታሪክ አለን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ፣ ከ175 ሰዎች የተረፉት 50 ናቸው። ከሞቱት መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ የነፉ ነበሩ። ውኃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ አንስቶ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። “ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ” የሚለውን መመሪያ ዛሬም ስንቶቻችን ነን ጋዜጣ እያነበብን የምናሳልፈው?

ደንቡ አንድ አውሮፕላን ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግተው በ90 ሰከንድ ውስጥ ባዶ መሆን እንደሚችል እንዲረጋገጥ ያዛል። በ1998 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ ግዙፉ ኤ380 በተፈተነበት ጊዜ 873 ሰዎች በ78 ሰከንድ ወጥተዋል። የሚያስደንቅ ነው። ግን በእንዲህ ያለ ሙከራ የእጅ ሻንጣዬን ብሎ የሚሟገት፣ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት፣ ሕፃን ያዘለች እናት የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2018 የመቀመጫ ስፋትና ርቀት ዝቅተኛ ልክ እንዲወጣለት ለአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ትእዛዝ ቢሰጥም፣ ባለሥልጣኑ ያደረገው ሙከራ ከ60 ዓመት በታች በሆኑ ጤነኛ ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። አየር መንገዶች በአንድ ረድፍ ላይ ጥቂት ኢንች ቆርጠው ተጨማሪ ወንበር ሲያስገቡ ምቾት ብቻ ይመስለናል የተቀነሰው።

ስለ ቀበቶም ያው ነው። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረው የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በአየር መናወጥ በ4.6 ሰከንድ 54 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ቀበቶ ያላሰሩት ተወርውረው ከጣሪያው ተጋጩ። አንድ መንገደኛ ሞተ፣ ብዙዎች ተጎዱ።

መንገደኛውን ሥርዓት የለሽ ብሎ መኮነን ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ገና ሳይቆም የሚነሣውን ሰው እኔም እኮንነዋለሁ። ነገር ግን ሻንጣ የሚይዝ ሰው ሁሉ ንብረት ከነፍስ አብልጦ አይደለም። ከቤሩት ወይም ከጅዳ የምትመለስ እኅታችንን እንውሰድ። የሁለት ዓመት ደመወዟ፣ ወርቋና ፓስፖርቷ ከላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለ አደጋ ጊዜ የሚነገረው ደግሞ በውጭ አየር መንገድ ከተሳፈረች በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ሊሆን ይችላል። “ሁሉንም ትተሽ ውጪ” የሚላትን ሰው ለምን ትስማው?

አየር መንገዶች የላይኛውን ሣጥን በአደጋ ጊዜ የሚቆልፍ መሣሪያ ይግጠሙ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ቆይቷል። ሰዉ የተቆለፈውን ለመክፈት ሲታገል የባሰ ጊዜ ይባክናል የሚሉም አሉ፤ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ከዚያ ይልቅ ርካሹ መንገድ ገና ከመነሻው፣ ትኬት ሲቆረጥና ሻንጣ ሲመዘን፣ ፓስፖርቱና ገንዘቡ በአንገት በሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት እንዲሆን ለመንገደኛው በሚሰማው ቋንቋ መንገር ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠራተኛ የሚልኩ ኤጀንሲዎች ከጉዞ በፊት በሚሰጡት ገለጻ ላይ ለዚህ አምስት ደቂቃ አያጡም።