ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ግፉት

ከሁለት ሳምንት በፊት ጎረቤቴ አንድ ከባድ ካርቶን አሸክመው መጡ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው ለዕረፍት ሲመጣ በሻንጣው ይዞላቸው የመጣ የበር መክፈቻ ሞተር ነው። «ሲስተር፣ እስቲ እንግሊዝኛውን አንብቢልኝ። ታናሽየው እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ እያለኝ ነው» አሉኝ። መነጽሬን አድርጌ ካርቶኑ ጎን ላይ ያለውን አነበብኩና «አያ፣ ይኼ ለእርስዎ በር አይሆንም» ስላቸው ቅር አላቸው። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብን። በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ሞተር ያለው የግቢ በር እየበዛ አያለሁ። እዚህ ጽጽቃ፣ በሰቆጣ አካባቢም መምጣቱ ስለማይቀር ለእሳቸው ያልኩትን ለእናንተም ልበል።

አሜሪካኖች መኪናቸውን የሚያቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ በአግድም የተቀጣጠለ ሆኖ በግራና በቀኝ ሀዲድ ይዞ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። ክብደቱን የሚሸከመው የተወጠረ ትልቅ ሞላ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ የተንጠለጠለው ሞተር መሳብ ብቻ ነው ሥራው። የእኛ ግን የግቢ በር ነው። ወይ በማጠፊያ ይከፈታል፣ ወይ ከሥሩ ባሉት መንኮራኩሮች ሀዲድ ላይ ይንሸራተታል። የዚያን ሞተር እዚህ ማሰር የፈረስ ኮርቻ በግመል ላይ መጫን ነው።

ሌላው መብራቱ ነው። የአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። «ትራንስፎርመር እገዛለሁ» የሚል አይጠፋም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ኸርዙን አይነካውም፤ በዚያ አገር መብራት በቀጥታ እንዲዞር የተሠራ ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከልክ በላይም ይግላል። ልጆቻችሁ ከውጭ ሊልኩላችሁ ሲያስቡ፣ በራችሁ ተንሸራታች ይሁን ተከፋች፣ ርዝመቱና ግምት ክብደቱ ስንት እንደሆነ፣ መብራታችሁም 220 መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የእነሱም ገንዘብ በላብ የተገኘ ነው።

ሞተር የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር የበር ሞተር ማለት ክላክስ ሲሰማ ከጓዳ የሚሮጥ ልጅ ነው። በሩን ይከፍትና ከበሩ ጀርባ ወይም ከመኪናው ፊት ይቆማል፤ ሹፌሩ አያየውም። ወገቧን የሚያማት እናት በዝናብ ወጥታ ከባድ ብረት ስትጎትትም አይቻለሁ። በደንብ የተገጠመ ሞተር ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ችግሩ «በደንብ» የሚለው ቃል ላይ ነው።

ሞተር የበርን ሕመም አያድንም፣ ይሸፍነዋል። ምክንያቱ ላልታወቀ የሆድ ሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ቤት እንደ መሸኘት ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በአንድ ካሬ ሜትር 12 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ በር ላሜራው ብቻ አንድ ኩንታል ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ማዕቀፉና መንኮራኩሮቹ ሲጨመሩበት ሁለት ኩንታል ሊጠጋ ይችላል። ይህን ያህል ብረት ነው በአንዲት ቁልፍ የምታንቀሳቅሱት።

ስለዚህ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት በሩን በአንድ እጅ ግፉት። ከዳር እስከ ዳር ሳይንገጫገጭ መሄድ አለበት። መሐል ላይ ስትተዉት ባለበት መቆም አለበት። ወደ አንድ ወገን በራሱ የሚንከባለል ከሆነ ሀዲዱ ተዳፋት ላይ ነው፤ ሰቆጣም ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ይህ እዚህ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ጫፎቹን ተመልከቱ። በሀዲዱ በሁለቱም ጫፍ በሩ እንዳያልፍ የሚይዝ፣ ኮንክሪት ውስጥ የገባ ጠንካራ የማቆሚያ ብረት አለ? ከላይስ በሩ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚደግፈው መያዣ አለ? ሞተሩ የት መቆም እንዳለበት የሚያውቀው በሩ ላይ በታሰረች ትንሽ ምልክት ነው። ያቺ ምልክት ከተንሸራተተች ሞተሩ በሩን ከሀዲዱ እስኪያወጣው ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ የሚያስቆመው ያ የማቆሚያ ብረት ብቻ ነው።

በሥራ ዘመኔ በበር ተጎድተው ከመጡልኝ ልጆች የማልረሳው በተከፋች በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ማጠፊያው የተነቀለበትን ነው። ማጠፊያው ዝጎ ነበር፣ በላዩ ላይ ቀለም ተቀብቷል። በሩ ከነልጁ ወደቀ፤ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሞተር አልነበረውም፤ ሁለት ኩንታል ሊወድቅ ሲፈልግ መብራት አይጠይቅም።

በሩ ጤነኛ ከሆነ፣ እጁ ሥራ የለመደ ሰው ራሱ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። የሞተሩ መቀመጫ ኮንክሪት ነው። ከመሙላታችሁ በፊት የሽቦው ቱቦ መቀበር አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና በኋላ ሽቦውን መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። መቀመጫውን የክረምት ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍ አድርጉት፣ ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊትም አንድ ሳምንት አድርቁት። በሩ ላይ የሚታሰረው ጥርስ ያለው ብረት ከሞተሩ ማርሽ ጋር ሲገናኝ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ክፍተት ከሌለ የበሩ ክብደት ሞተሩ ላይ ያርፋል፣ ማርሹም ብዙ አይቆይም። ብየዳ ካለ ደግሞ ሞተሩ ከመብራት ተነቅሎ፣ ቢቻል ከቦታው ተነሥቶ ይሁን፤ ብየዳው ውስጡ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥለዋል። በየጊዜው ሽፋኑን ከፍታችሁ እዩት፤ ጉንዳን የሞቀ ሳጥን ይወዳል።

ሽቦው ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ይህን ለፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት፤ እናንተ ሁለት ነገር ጠይቁት። ሞተሩ የራሱ ብሬከር አለው ወይ? ወደ መሬት የሚቀበረው መስመር ታስሯል ወይ? የተላጠ ሽቦ ብረት በር ላይ ካረፈ በሩ ሙሉ በሙሉ መብራት ይይዛል። በሐምሌ ዝናብ ባዶ እግሩን መጥቶ በሩን የሚያንኳኳውን ልጅ አስቡት።

አሁን ብዙዎች የማያስቡት ነገር፦ ትንሿ በር። የእኛ ትልልቅ የግቢ በሮች አብዛኞቹ እግረኛ የሚገባባት ትንሽ በር በሆዳቸው ይዘዋል። በሩ በእጅ ሲገፋ ይህ ችግር አልነበረውም። ሞተር ሲገባ ግን፣ አያት በትንሿ በር አንድ እግራቸውን አስገብተው ሳለ የልጅ ልጃቸው ከሳሎን ሪሞት ሊጫን ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ የእግረኛውን በር ከትልቁ ለይቶ በአጥሩ ላይ መሥራት፣ ወይ ትንሿ በር ስትከፈት የሞተሩን መብራት የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገጠም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከሞተሩ ጋር ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ይመጣሉ። በበሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው የማይታይ ጨረር ይልካሉ፤ መሐላቸው አንድ ነገር ሲገባ በሩ ይቆማል ወይም ይመለሳል። ገጣሚዎች «ፍየል ባለፈ ቁጥር ያስቆመዋል» ብለው የሚተዉት ይህን ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሕጻናት በጋራዥ በር ሥር ከሞቱ በኋላ ሕግ ወጣ፤ በፈረንጆች ከ1993 መጀመሪያ ወዲህ የሚሠራ የቤት ጋራዥ ሞተር በሙሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። እዚያ ዓይኖቹ ከመሬት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አይሰቀሉም፤ የሚድህ ሕጻን ነውና የታሰበው። ግድግዳ ላይ ያለው መጫኛ ደግሞ ልጅ እንዳይደርስበት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይደረጋል። በብሪታንያም በ2010 ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በእንግሊዝና በዌልስ ሁለት ሕጻናት፣ አንዷ የስድስት አንዷ የአምስት ዓመት፣ በሞተር በሚሠራ የግቢ በር ተይዘው ሞተዋል። ሕግና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው ይህ የሆነው።

ፍየሏ በሩን ካስቆመችው በሩ በትክክል እየሠራ ነው፤ ግልገሏን ያየ ዓይን ልጃችሁንም ያያል። ገጣሚው ከመሄዱ በፊት በሚዘጋው በር መንገድ ላይ ባዶ ጄሪካን አስቀምጡ። በሩ ጄሪካኑን ሳይጨፈልቅ መመለስ አለበት። ከዚያ ዓይኖቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ ድገሙት፤ ያን ጊዜም በሩ አልንቀሳቀስ ማለት ወይም ሲነካው መመለስ አለበት። ከጨፈለቀው የሞተሩ ጉልበት ይቀነስ። በእጃችሁ ግን በፍጹም አትሞክሩት። ይህን ፈተና በየወሩ፣ ለምሳሌ የቡና ማኅበር በሚደርሳችሁ ቀን፣ አድርጉት።

መብራት ሲጠፋስ? በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ለወራት መብራት አልነበረንም፤ አሁንም ይሄዳል ይመጣል። እያንዳንዱ ሞተር በሩን ነጻ የሚያደርግ የእጅ ቁልፍ አለው። ያ ቁልፍ በአባወራው ኪስ ውስጥ ከሆነ አባወራው መስክ ሲወጣ ቤተሰቡ ታስሯል። አዲስ አበባ የአንዲት ዘመዴ ልጅ ምጥ የያዛት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ቁልፉ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው ባሏ ክፍለ ሀገር ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ደግነቱ የእግረኛው በር ለብቻው በአጥሩ ላይ የተሠራ ነበር፤ በዚያ ወጥታ በጎረቤት መኪና ሄደች። ቁልፉን ቤት ውስጥ በታወቀ ቦታ ስቀሉት። በሩን በጨለማ እንዴት በእጅ እንደሚለቁት የቤት ሠራተኛዋና ዘበኛው ጭምር አንድ አንድ ጊዜ ይሞክሩት።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ይህን አስታውሱ። በሩ መብራት የያዘ ከመሰላችሁ ሰውየውን አትንኩት፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ልጅ ሥሩ ከተያዘ ሞተሩን በሪሞት ለመመለስ አትታገሉ፤ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ በእጅ ቁልፉ ለቃችሁ፣ ሰው ጠርታችሁ በሩን አንሡ። ጣት ከተቀጠቀጠ ሳያብጥ ቀለበቱን አውልቁ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን በሉት፣ እጁንም ከፍ አድርጉት። ቡና አትነስንሱበት። የደም ማስቆሚያ እየተባለ ስንት ጊዜ ከቁስል ውስጥ ቡና ስጠርግ እንዳመሸሁ እኔ አውቃለሁ። ጣት ከተቆረጠ፣ የተቆረጠውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ፌስታል ውስጥ አስሩት፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አድርጉና ከልጁ ጋር ውሰዱት፤ በረዶው ቁራጩን በቀጥታ አይንካው።

ደረቱን ወይም ሆዱን በሩ የተጫነው ልጅ ግን፣ ተነሥቶ ቢሄድም፣ ቢስቅም፣ «ምንም አልሆንኩም» ቢልም፣ ቤት አይደር። ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ውስጡን ሲደሙ በውጭ ሰንበር እንኳ ላይታይ ይችላል። ምግብም ውኃም ሳትሰጡት ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።