ሥዕሉ የሠዓሊው፣ ቅጂው የማን?

ፍራንክ ኮዚክ በሜይ 2023 በ61 ዓመቱ አረፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ሲነሳ የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ቀድሞ ትዝ የሚላቸው የሥዕሎቹ ድፍረት ነው፤ ዓይን የሚወጉ ቀለሞች፣ ያገጠጡ የካርቱን ገጸ ባሕርያት፣ ሲጋራ በአፉ ያንጠለጠለ ጥንቸል። ለእኔ ግን ከሥዕሎቹ የሚበልጥ ሌላ ውለታ አለው። የኮንሰርት ፖስተር ሠዓሊ ከክለብ ባለቤት የእጅ ዋጋ ተቀብሎ የሚሄድ ቅጥረኛ መሆኑ ቀርቶ፣ ቅጂውን አስቆጥሮ የሚረከብና የሚሸጥ ባለሙያ እንዲሆን መንገድ ከጠረጉት አንዱ እሱ ነው። ይህ ጥበብ በአሜሪካ ተዳክሞ ዳግም ያንሰራራው አዲስ የአሳሳል ፈሊጥ ስለመጣ ብቻ አይመስለኝም። ወሳኙ ነገር ቅጂው በማን እጅ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ ማግኘቱ ነው።

ጥያቄው ከሳን ፍራንሲስኮ ይጀምራል። በ1966 ቢል ግራም በፊልሞር አዳራሽ፣ ቼት ሄልምስ ደግሞ በአቫሎን ኮንሰርት ያዘጋጁ ነበር፤ ለየዝግጅቱም ፖስተር ያሠራሉ። ሠዓሊው ዌስ ዊልሰን ፊደሎቹን እንደ ነበልባል እያወዛወዘ ሲጽፋቸው መንገደኛው ቆሞ ካልተመለከተ ማንበብ አይችልም ነበር። ወጣቱ ፖስተሩን ከግድግዳ እየላጠ ወደ ቤቱ ይወስድ ጀመር፤ አዘጋጆቹም ብዙ ቅጂ አሳትመው መሸጥ ያዙ። ወረቀቱ ማስታወቂያ መሆኑ ቀርቶ ሸቀጥ የሆነው ያኔ ነው። ዊልሰን ከሽያጩ በሚገባው ድርሻ ላይ ከግራም ጋር መስማማት አልቻለም፤ በ1967 ጥሎት ሄደ። የዘመኑን መልክ የፈጠረው ሰው ከፊልሞር የወጣው በዚህ ምክንያት መሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በዚያው ከተማ ሌላ መንገድ ያየም ነበር። ቪክተር ሞስኮሶ በዬል ዩኒቨርሲቲ የጆሴፍ አልበርስ ተማሪ ነበርና፣ ተቃራኒ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን ውስጥ እንደሚንቀጠቀጡ ያውቃል። ፖስተሮቹን ሲያዩ ዓይን የሚያርፍበት የሚያጣው ለዚህ ነው። ለነገሬ የሚጠቅመኝ ግን ከቀለም ዕውቀቱ ይልቅ ውሉ ነው። ኒዮን ሮዝ በሚል ስያሜ የራሱን ተከታታይ ፖስተሮች ማሳተም ጀመረ፤ ማትሪክስ ለተባለው ክለብ ለማስታወቂያ የሚሆነውን ያህል ይሰጥና የቀረውን ራሱ ይሸጣል። ክለቡ ያለ ወጪ ማስታወቂያ አገኘ፣ ሠዓሊው ደግሞ ቅጂውን አስቀረ። ከዚያ በኋላ በሙያው የመጣው ሁሉ ዘሩ እዚህ ውል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ኮዚክ እንደ ሞስኮሶ የስፔን ተወላጅ ነው። በማድሪድ ተወልዶ በጉርምስናው ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በአየር ኃይል ሲያገለግል ኦስቲን ቴክሳስ ደረሰ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ የፓንክ ባንዶች ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ማስታወቂያቸው በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ በስልክ ምሰሶ ላይ የሚለጠፍ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ነበር። እሱም የጀመረው በዚሁ ነው። ኋላ ላይ ወደ ስክሪን ፕሪንት ተሻገረና ትልልቅ፣ ባለብዙ ቀለም ፖስተሮች ማውጣት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ያለው መሣሪያው ውስጥ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ቲሸርት የሚያትሙ ወጣቶች አሠራሩን ያውቁታል። ስስ ጨርቅ ፍሬም ላይ ይወጠራል፣ በብርሃን የሚደርቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ ሥዕሉ ያለበት ፊልም ተደርቦ ብርሃን ይመታዋል። በሥዕሉ የተጋረደው ቦታ ሳይደርቅ ስለሚቀር በውኃ ታጥቦ ይከፈታል፤ ቀለሙ በጎማ ሲገፋ የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ይፈልጋል። አምስት ቀለም ያለው ፖስተር ሁለት መቶ ቅጂ ይውጣለት ከተባለ፣ እጅ አንድ ሺህ ጊዜ ይገፋል፤ ወረቀቱም በየዙሩ ደርቆ በትክክል ቦታው ላይ መልሶ መግጠም አለበት። ጥቂት ሚሊሜትር ከተዛነፈ በቀለሞቹ መካከል ነጭ ስንጥቅ ይታያል።

የእነዚህ ፖስተሮች ወፍራም ጥቁር መስመር ታዲያ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ይታተምና ከሥሩ ያሉት ቀለሞች የሚገናኙበትን ጠርዝ ይሸፍናል። ጥላ የሌላቸው፣ የተዘረጉ፣ ደማቅ ቀለሞችም ከዚሁ አሠራር ጋር ይስማማሉ። ተቺዎች ሸካራ የሚሉት ሥዕል ግማሹ ጣዕም ከሆነ ግማሹ የእጅ ሙያ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለዚህ ሥራ ትልቅ ማተሚያ ቤት አያስፈልግም። ጋራዥ ይበቃል። መሣሪያው ወደ ሠዓሊው ቤት ሲገባ ቅጂውም አብሮት ገባ።

ሎውብራው የሚባለው የሥዕል ወገን ራስ አትሞ ራስ ለሚሸጥበት ለዚህ ኑሮ ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ምንጩ የካሊፎርኒያ የመኪና አሳማሪዎች፣ ኮሚክ፣ ንቅሳትና የጭራቅ ፊልም ነው። ከመኪና አሳማሪዎቹ አንዱ ኤድ ሮዝ ራት ፊንክ የተባለውን አስቀያሚ አይጥ ቲሸርት ላይ እያሳተመ ይሸጥ ነበር። በእሱ ዘንድ የሠራው ሮበርት ዊልያምስ በ1994 ጃክስታፖዝ የተሰኘውን መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እነዚህ ሰዎች የጋለሪ በር እስኪከፈትላቸው አልጠበቁም፤ ገዢያቸውን በመኪና ትርዒትና በኮሚክ ሱቅ አግኝተውታል። ስለዚህ የሮክ ፖስተር ሠዓሊ ሥዕሉን በርካሽ ለብዙ ሰው ሲሸጥ ከክብሩ የወረደ አልመሰለውም።

ክርክሬን የሚፈትን ነገር አለ። ስለ ቅጂ ባለቤትነት ይህን ያህል የታገለው ሙያ የሌላውን ሥዕል በነፃነት የወሰደም ነው። ሠዓሊዎቹ ስታንሊ ማውስና አልተን ኬሊ በ1966 ለአቫሎን ያወጡት ጽጌረዳ የደፋ አፅም፣ ኤድመንድ ሱሊቫን ለዑመር ካያም ግጥሞች ከሣለው የተወሰደ ነው፤ ኋላም የግሬትፉል ዴድ ባንድ መለያ ሆነ። ኮዚክም የቴሌቪዥን የካርቱን ገጸ ባሕርያትን እያነሳ ክፉ ሥራ ያሠራቸው ነበር። መከላከያው ይታወቃል፤ የሕፃንነትን ፊት ገልብጦ ማሳየት ሂስ ነው ይባላል። ኮዚክ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ከተጠቀመባቸው ምስሎች ብዙዎቹ አሜሪካ ለልጆቿ የሸጠቻቸው ነበሩና። ያለ ሂስ የሚኮርጁ ተከታዮቹ ላይ ግን አያስኬድም። የገዛ ቅጂውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው የሌላውንም ማወቅ ይገባዋል።

የሥራው ቀን ከሚታሰበው በላይ ደረቅ ነው። ኮንሰርቱ ቀን አይሻገርም፤ ፖስተሩ አንድ ቀን ከዘገየ ከንቱ ነው። ባንዱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ንድፉን ማጽደቅ አለበት። ኅትመቱ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ቅጂ በእርሳስ ይቆጠራል፣ ይፈረማል፤ ባንዱ በኮንሰርቱ ለመሸጥ ድርሻውን ይወስዳል፣ ሠዓሊው የቀረውን እየጠቀለለ በካርቶን ቱቦ በፖስታ ይልካል። ክሊቭላንድ ውስጥ ደግሞ ሠዓሊው ዴሬክ ሄስ ዩክሊድ ታቨርን በተባለው ክለብ ባንዶቹን የሚያስመጣው ራሱ፣ ማስታወቂያቸውን የሚሥለውም ራሱ ነበር። ኮዚክ እንኳ በፖስተር ብቻ አልኖረም፤ ማንስ ሩይን የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ አቋቁሞ እስከ 2001 አንቀሳቅሷል፣ ከዚያም ወደ አሻንጉሊት ንድፍ ዞሯል። በ2002 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ፍላትስቶክ የተሰኘው የፖስተር ትርዒት ትልቁ ጥቅሙ ሠዓሊዎቹ ከየጋራዣቸው ወጥተው ከገዢው ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኙ ማድረጉ ነው።

ዛሬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትኬቱ ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት በስልክ ተሽጦ ያልቃል። ፖስተሩ የሚጠራው ሰው የለም፤ ለመጣው ሰው ማስታወሻ ይሆናል። ገዢዎች በሩ ሳይከፈት ይሰለፋሉ፣ አንዳንዱም በማግስቱ አትርፎ ይሸጠዋል። ገንዘቡ ጨምሯል፣ ይህን አልጠላም። ነገር ግን ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ሥዕል የማያውቀውን መንገደኛ ማስቆም ነበረበት፤ ለወዳጅ ብቻ የሚሸጥ ሥዕል ይህ ፈተና የለበትም። የብዙዎቹ አዳዲስ ፖስተሮች ውበት ልስልስ ያለብኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ከሞስኮሶ ውል የተወሰደ ነው። ሠዓሊው ከባንድ ጋር ሲዋዋል በእጁ የሚቀረውን የቅጂ ቁጥር፣ ኅትመቱ ሲያልቅ ስክሪኖቹ ታጥበው ይጥፉ ወይስ ይቀመጡ የሚለውን፣ ሥዕሉን ቲሸርት ላይ ማን ሊያሳትመው እንደሚችል በጽሑፍ ያስፍር። ከዚያ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ ከቅጂዎቹ ጥቂቶቹ ኮንሰርቱ ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት፣ ያለ ፊርማና ያለ ቁጥር፣ ከተማው ውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ።