ዘፈኑ የማን ነው?

እኛ ዘፈን ወዳዶች ነን፤ ይህንንም ለመናገር አናፍርም። ከቁስቋም ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ከተሰማ ወሬያችንን ቆርጠን እናዳምጣለን። በበዓል ቀንም ቴሌቪዥን ፊት ቦታ ለመያዝ እንሽቀዳደማለን። ታዲያ በምንወደው ነገር ላይ አንድ ቅሬታ አለንና ዛሬ እሱን እናንሣ።

ለመሆኑ አንድ ዘፈን የማን ነው? ይህን ብንጠይቅ አብዛኛው ሰው «የዘፋኙ ነዋ!» ይለናል። እኛም «የማሕሙድ ዘፈን»፣ «የብዙነሽ ዘፈን»፣ «የአስቴር ዘፈን» ማለት ለምዶብናል። ቴሌቪዥኑም ይህንኑ ይደግምልናል። የዘፋኙ ስም ጎላ ብሎ ይጻፋል፤ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰውና ሙዚቃውን ያቀናበረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ዘፈኑ ያልቃል።

ልማዳችን ነው እንዳንል ልማዳችን ራሱ ይከራከረናል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ባለማሲንቆው ከታዳሚው ግጥም ይቀበላል። «ተቀበል!» የሚለው ሰው በሰው ፊት ይናገራል፤ አዝማሪው ቃሉን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙን ማን እንደሰጠ ቤቱ ሁሉ ያያል፤ ሳቁም አድናቆቱም ለሁለቱም ይደርሳል። በቴሌቪዥን ግን ተቀባዩን ብቻ እናያለን፤ ሰጪውን ጨለማ ውጦታል።

ከጀርባ ያሉትም ቀላል ሰዎች አይደሉም። የአርመን ተወላጅ የነበሩት ነርሲስ ናልባንዲያን የታወቁት በድምፃቸው ሳይሆን ኦርኬስትራ በማሠልጠንና ሙዚቃ በመድረስ ነው። ሣህሌ ደጋጎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለነጥላሁን ዜማ ደርሰዋል። ተስፋዬ ለማ ከድርሰቱ ሌላ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መርተዋል። ዓለምፀሐይ ወዳጆን በመድረክ የምናውቃት ስንቶቻችን ነን ለብዙ ድምፃውያን ግጥም መስጠቷን የምናውቅ? ይልማ ገብረአብንና አበበ መለሰንስ ከየትኛው ዘፈን ጋር አያይዘን መጥራት እንችላለን? በ1993 ዓ.ም. የወጣውን የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ያላዳመጠ የለም፤ አቀናባሪው በ2012 ዓ.ም. ያረፈው ኤልያስ መልካ መሆኑን ግን ብዙዎች የሰሙት ካረፈ በኋላ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስም በወጉ ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣ ሙላቱ አስታጥቄ ምስክር ናቸው። እሳቸው ቫይብራፎን ተጫዋችና አቀናባሪ እንጂ ዘፋኝ አይደሉም። ነገር ግን ፈረንሳይ ውስጥ የወጣው «ኤትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም በ1998 እ.ኤ.አ. አራተኛውን ክፍል ለእሳቸው ሥራ ሰጠ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃቸውን ይዞ ወጣ። ዛሬ ኢትዮ ጃዝ ሲባል ዓለም አስቀድሞ የሚጠራው የእሳቸውን ስም ነው።

«ኧረ ተዉን! እኛ የምንወደው ድምፁን ነው፤ የስም ዝርዝር ማን ይሰማል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ያለ ጥላሁን ጉሮሮ ብዙው ግጥም ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ይሁንና የባለ ግጥሙን ስም መጥራት ከጥላሁን ምን ይቀንሳል? ሦስት ስም ለመጥራት ደግሞ አሥር ሰከንድ ይበቃል። የሚብሰው የድምፅ ውድድር ላይ ነው። አንድ ወጣት የድሮ ዘፈን ይዞ ይቀርባል፤ ዳኞቹ ስለ ቅኝቱና ስለ ትንፋሹ ይተቻሉ፤ ዘፈኑን ማን እንደደረሰው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂም ተናጋሪም የለም።

ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ከተሻሻለ በኋላም ቢሆን፣ አንድ ደራሲ የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። ስሙ ያልታወቀ ሰው ድካሙን ቆጥሮ ገንዘቡንም ሊጠይቅ ይቸግረዋል።

«ይህ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጉዳይ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» እንዳትሉ። እኛ ነገ መምህራን ነን። ክፍል ውስጥ «የጓደኛህን መልስ የራስህ አስመስለህ አትጻፍ» ብለን ስናበቃ፣ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሰው ግጥም ያለ ባለቤቱ ብንለቅ ልጆቹ የትኛውን ይማሩ? ደግሞስ ከሰው ሁሉ ይልቅ ይህ ነገር ሊቆረቁረው የሚገባው መምህር አይደለም ወይ? ተማሪው መድረክ ላይ ሲጨበጨብለት መምህሩ ከኋላ የሚቆም ነውና።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በተቋማችን ዘፈን በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ከዘፋኙ ጋር የግጥሙና የዜማው ደራሲ፣ የአቀናባሪውም ስም ይጠራ። ለልምምድ የምንወጣም በየትምህርት ቤቱ ይህንኑ እናስለምድ። ለመጀመሪያ ያህል ከዚህ ጽሑፍ ጎን ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። የምትወዱትን አንድ ዘፈን ጻፉና ከዘፋኙ ሌላ የደከሙበትን ሰዎች ስም ሙሉበት። የማታውቁትን የሚያውቅ ጠይቁ፤ ከመምህራኖቻችን መካከል የድሮውን ሸክላና ካሴት ያስቀመጡ አይጠፉም። ወረቀቱ ከሞላ ሌላ እንጨምራለን።